ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 መሸጋገር፦ ለጎንደር ጌም ቤት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦ የማራኪው

እንደምን ሰነበታችሁ። ማራኪ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለችኝ። በውስጧ ያሉት ማሽኖች ሁሉም ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ሲሆኑ፣ ገሚሶቹ የመጀመሪያው ወፍራሙ ዓይነት፣ የቀሩት ደግሞ ስሊም የሚባሉት ናቸው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጫወቱት ከሞላ ጎደል እግር ኳስ ነው፤ የሚከፍሉትም በሰዓት ሳይሆን በግጥሚያ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን «ፒኤስ 5 የለም ወይ?» እያሉ ከበር የሚመለሱ ልጆች በዝተዋል።

ወጪው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ፒኤስ 5 ዋጋ ከአንድ በላይ ያገለገለ ፒኤስ 4 መግዛት ይቻላል። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ሁለቱንም በሚገባ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥኖቼ ባለ 43 ኢንች፣ ተራ ፉል ኤችዲ ናቸው። በእነዚህ ላይ የእግር ኳሱ ልዩነት በእርግጥ ይታያል ወይ? ያሉኝ ሲዲዎችና ጆይስቲኮች በአዲሱ ላይ ይሠራሉ ወይ? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው፤ በአንድ ምሽት ደጋግሞ የሚጠፋበትና ሲመለስም በኃይል የሚመጣበት ጊዜ አለ።

መልስ፦ ቀሃ

ጤና ይስጥልኝ። ሰዎች ሁለቱን ትውልዶች ሲያነጻጽሩ አስቀድመው የሚያነሡት የምስልን ጥራት ነው። እኔ ግን ዋናው ልዩነት የማከማቻው ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ። ፒኤስ 4 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ለገበያ ሲቀርብ የያዘው የሚሽከረከር ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የወጣው ፒኤስ 5 ግን ባለ 825 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ይዞ መጣ። የሁለቱም ማሽኖች ዋና ነዳፊ የሆነው ማርክ ሰርኒ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ባቀረበው ገለጻ ላይ እንዳስረዳው፣ ፒኤስ 4 አንድ ጊጋባይት መረጃ ለማንበብ 20 ሰከንድ ገደማ ሲፈጅበት አዲሱ ማሽን ሁለት ጊጋባይት የሚያነብበው በሩብ ሰከንድ አካባቢ ነው። ክፍያው በግጥሚያ ለሆነበት ቤት ይህ ከምስሉ ጥራት የሚበልጥ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ግጥሚያና በሚቀጥለው መካከል ልጆቹ የሚጠብቁት ጊዜ ማንም የማይከፍልበት ጊዜ ነው።

በማስላት አቅም በኩል አሮጌው 1.84 ቴራፍሎፕስ (ማሽኑ በሰከንድ የሚሠራው ስሌት መለኪያ)፣ አዲሱ 10.28 ቴራፍሎፕስ ነው፤ ማስታወሻውም ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት አድጓል። ይሁን እንጂ እርስዎ ባሉዎት ቴሌቪዥኖች ላይ የዚህን ሁሉ ፍሬ ያገኙታል ብለው አይጠብቁ። ፒኤስ 4 እግር ኳሱን በፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ያጫውታል። ፒኤስ 5ም በግጥሚያ ላይ የሚያሳየው ያንኑ 60 ፍሬም ሆኖ፣ ዋና ጭማሪው ፎርኬ (ከፉል ኤችዲ የጠራ ምስል) ነው፤ ፎርኬን ለማየት ደግሞ ፎርኬ ቴሌቪዥን ያስፈልጋል።

እግር ኳሱን በተመለከተ ብዙ ባለ ጌም ቤቶች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ኤፍሲ (በፊት ፊፋ ይባል የነበረው) ለፒኤስ 4ም ለፒኤስ 5ም መውጣቱን ቀጥሏል፤ ኤፍሲ 26 እንኳ ለሁለቱም ወጥቷል። ነገር ግን ከፊፋ 22 ጀምሮ ሃይፐርሞሽን የተባለው፣ የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ ከእውነተኛ ግጥሚያ ቀድቶ የሚጠቀመው አሠራር ለፒኤስ 4 አልተሰጠም። ስለዚህ የተጫዋቹ አዟዟር፣ የኳሱ አያያዝና የሩጫው ክብደት ይለያያል። በፒኤስ 4 ላይ እጁን ያፈታ ልጅ ፒኤስ 5 ላይ ሲቀመጥ ኳስ የሚያቀብልበትና ተከላካይ የሚያወጣበት ቅጽበት ይዛነፍበታል። በኢንተርኔትም ቢሆን የሁለቱ ትውልዶች ተጫዋቾች እርስ በርስ አይገናኙም። ልጆቹ «ፒኤስ 5 የለም ወይ?» ማለታቸው ለታይታ ብቻ ነው ብዬ የማላምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጓደኞቻቸው በሚጫወቱበት ማሽን ላይ መለማመድ ይፈልጋሉ።

ከእግር ኳስ ውጭ ያለው ምርጫም እየጠበበ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሞርታል ኮምባት 1 እና በ2024 የወጣው ቴከን 8 ለፒኤስ 4 አልተሠሩም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ መፋለም ለሚወድበት ቤት ይህ ጉዳት ነው።

መልስ፦ የአራዳ ጥገና

ወንድሜ፣ እኔ የማየው ማሽኖቹን ከተከፈቱ በኋላ ስለሆነ የምነግርዎት ስለ መብራት፣ ስለ አቧራና ስለ ሙቀት ነው።

ሁለቱም ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ስለዚህ በተራ የኃይል መዋዠቅ አይሞቱም። የሚገድላቸው መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን የመንቀል ልማድ ከየትኛውም ዕቃ የበለጠ ያድንዎታል። ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው ማሽኑ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ሲቋረጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከኤስኤስዲ ይልቅ ይጎዳል። ፒኤስ 5 በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ሆኖም የፒኤስ 4 ሃርድ ዲስክ በተጠቃሚው እንዲቀየር ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ተራ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ገዝቶ መተካትና ሲስተሙን ከፍላሽ እንደገና መጫን ይቻላል። ቀሃ የጠቀሱት የመጠበቂያ ጊዜም በዚህ በከፊል ይቃለላል፤ እንደ ፒኤስ 5 ባይፈጥንም ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም። በየትኛውም ማሽን ላይ ሬስት ሞድ የሚባለውን (ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚያንቀላፋበትን) አይጠቀሙ፤ ማታ ሲዘጉ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከፈለጉ የማሽኑን ፍጆታ ይመልከቱ። ፒኤስ 5 የራሱን ጨዋታ ሲያጫውት ወደ 200 ዋት ይወስዳል፤ ፒኤስ 4 ስሊም ግን ከዚያ በግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ስሊሙን ከነቴሌቪዥኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲይዝ፣ ፒኤስ 5ን የሚይዘው ግን በሥርዓት ለማጥፋት ያህል ብቻ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ብዙ ሰው አያስበውም። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከማሽኑ ውስጥ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ፋኑም ያንኑ ለማካካስ ይበልጥ ይሽከረከራል። በበጋ የአዘዞና የማራኪ አቧራ ሲጨመርበት ወፍራሙ ፒኤስ 4 ድምፁ ቤት የሚረብሽ ይሆናል። ማጽዳቱና የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) መለወጡ ግን እዚሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

የምሰጋው ለፒኤስ 5 ነው። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው። ይህ ፈሳሽ ሙቀትን በጣም ጥሩ አድርጎ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ያለ ቦታዋ ብትፈስ ቦርዱን ታቃጥላለች። አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ ለጽዳት ብቻ አስከፍቶት በዚሁ ምክንያት የተበላሸ ፒኤስ 5 ይዞልኝ መጥቶ ላድነው አልቻልኩም። የጎን ሽፋኖቹን በእጅ አውልቆ፣ ለአቧራ መሰብሰቢያ የተተዉትን ቀዳዳዎች በቫኪዩም መሳብ ማንም የሚችለው ነው። ከዚያ አልፎ ቦርዱ ድረስ እንዲገባ የሚፈቅዱለትን ሰው ግን ፈሳሽ ብረቱን ሠርቶ እንደሚያውቅ አስቀድመው ይጠይቁት።

መልስ፦ የአዘዞው

እኔም የዚሁ ሥራ ባለቤት ነኝ። አንድ ፒኤስ 5 አስገብቼ የቀሩትን ፒኤስ 4ዎች አቆይቻለሁ፤ ፒኤስ 5ቱን ከሚጫወቱት ይልቅ ተራ የሚጠብቁት ይበዛሉ፤ ሲጠብቁም በሌሎቹ ላይ ይጫወታሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ አያስፈልግም።

ስለ ሲዲና ጆይስቲክ ለጠየቁት፦ ባለ ሲዲው ፒኤስ 5 የፒኤስ 4 ሲዲዎችን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ይቀበላል። የድሮው ጆይስቲክ ግን የሚሠራው በፒኤስ 4 ጨዋታዎች ላይ ብቻ ነው፤ የፒኤስ 5 ጨዋታ ሲከፈት አይቀበለውም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ አዲስ ጆይስቲክ በበጀትዎ ውስጥ ያስገቡ። ማሽኑ በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ከአንድ ጋር ነው፤ በጌም ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ሁለት ነው።

ጠያቂው፦ የማራኪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በፒኤስ 4ዎቹ ላይ ኤስኤስዲ አስገብቼ አንድ ፒኤስ 5 ለመጨመር አስቤያለሁ። አንድ ሰው የሲዲ ማስገቢያ የሌለውን ዲጂታሉን ቀነስ ባለ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ይህንን ብወስድ የሚጎዳኝ ነገር አለ?

መልስ፦ የአራዳ ጥገና

ለጌም ቤት አልመክርዎትም። ዲጂታሉ ላይ እያንዳንዱን ጨዋታ በኢንተርኔት ገዝቶ ማውረድ ግድ ነው፤ በውጭ አገር ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል፤ የአንድ ጨዋታ መጠንም በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ በእኛ ኔትወርክ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ሊያድር ይችላል። ሲዲ ከሆነ ግን ከሌላ ጌም ቤት ጋር ይለዋወጡታል፤ የዓመቱ ኤፍሲ ሲያረጅም ሸጠው የአዲሱን ዋጋ በከፊል ይሸፍኑበታል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጠን ያለው ፒኤስ 5 ዲጂታል ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ የሲዲ ማስገቢያው ለብቻው ተገዝቶ ይገጠምለታል። መጀመሪያ ሲገጠም ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ማስገቢያውን መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ሻጩ ፊት ዋይፋይ ከፍተው አስመዝግበውና ሲዲ አስገብተው ጨዋታ ካስጀመሩ በኋላ ገንዘቡን ይስጡ።