በየጠረጴዛው ብሉ ሌብል ግዴታ ነው እንዴ? 20 ዶላሩ ቦርበን ምን አጠፋ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ይሄን ነገር በግልፅ እናውራው። የወንድሜ ሰርግ ደርሷል፣ 22 ጠረጴዛ ነው፣ ትናንት ኮሚቴው ተሰብስቦ (አዎ ኮሚቴ አለን) በየጠረጴዛው አንድ ብሉ ሌብል (ውዱ ጆኒ ዎከር፣ ስኮች የሚባለው የስኮትላንድ ውስኪ) ካልተቀመጠ ሰው ያማናል ተባለ። አንዱን በ200 ዶላር እንኳን ብናስበው 4,400 ዶላር ነው። እኔ ያልኩት ነጩን ኢቫን ዊሊያምስና ዋይልድ ተርኪ 101 የሚባሉትን ቦርበኖች እናስቀምጥ ነው፣ ሁለቱ ተደምረው 50 ዶላር አይሞሉም። አክስቴ የዋይልድ ተርኪው ጠርሙስ ላይ ያለውን ወፍ አየችና "ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የቆቅ መጠጥ ነው?" አለች፣ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ግን የምሬን ነው የምጠይቀው፣ ውስኪ ውድ ሲሆን የምንከፍለው ለምኑ ነው? ቦርበን እኮ ህግ የታሰረለት የአሜሪካ ውስኪ ነው። ከእህሉ ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ በቆሎ ይሆናል፣ በርሜሉ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ የኦክ እንጨት ይሆናል፣ ስትሬት ከተባለ ደግሞ ቢያንስ 2 አመት ይተኛል፣ ቀለምም ጣዕምም ጠብ አይደረግበትም። ነጩ ኢቫን ላይ "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የሚል ፅሁፍ አለ፣ ይሄ በፈረንጆቹ 1897 የወጣ ህግ ነው፣ ነጋዴው ጥሬ አልኮል ላይ ያገኘውን ሁሉ እየደባለቀ ውስኪ ነው ብሎ ሲቸበችብ መንግስት የገባበት። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ወቅት፣ ቢያንስ 4 አመት የተኛ፣ ልክ 50 ፐርሰንት አልኮል። ይሄ ሁሉ በ20 ዶላር ገደማ። ብሉው ላይ ግን ስንት አመት እንደተኛ ተፅፎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታናሹ ብላክ ሌብል ላይ 12 ይላል፣ ብሉው ላይ ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

ስኮች ብቻ፦ ወንድሜ ቁጥር የለውም ማለት ህፃን ነው ማለት አይደለም። ብሉ የብዙ በርሜል ቅልቅል ነው፣ ህጉ ደግሞ እድሜ ከፃፍክ የትንሹን ፃፍ ነው የሚለው፣ የ30 አመት ውስኪ ላይ የ10 አመት ትንሽ ብትጨምርበት ጠርሙሱ ላይ የምትፅፈው 10 ነው። ስለዚህ አለመፃፉ ማጭበርበር አይደለም። ደግሞ የኬንተኪን 4 አመት ከስኮትላንድ 12 ጋር አትለካካው፣ ኬንተኪ በጋው ይጠብሳል፣ በርሜሉም አዲስ ስለሆነ ቶሎ ይሰጣል፣ ስኮትላንድ ብርድ ነው፣ በርሜሉም አብዛኛውን ጊዜ ቦርበን የነበረበት ያገለገለ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚበስለው። ያ የመብሰያ ጊዜ ዋጋ አለው።

የአሌክሳንድሪያው፦ ስለ እድሜው ተቀብያለሁ፣ ስህተቴ ነው። ግን ለራሴም አስረጅ ሰጠኸኝ፣ ቶሎ የሚበስል መጠጥ በርካሽ ቢሸጥ ምኑ ያሳፍራል? ደግሞ እናንተ ስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቀዳል፣ ስትሬት ቦርበን ላይ ክልክል ነው ☺

የሙሽራ እህት፦ እኔ የምለው ሁላችሁም ስለ በርሜል ታወራላችሁ፣ ሰርግ ላይ ውስኪው የሚቀመጠው ለጣዕሙ ነው እንዴ? ሰው ከዳላስ ከሲያትል ቲኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ ልብስ አሰፍቶ፣ ፖስታ ውስጥ ብር አድርጎ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያይ "አክብረውኛል" ማለት አለበት። እናቴ ለኔ ሰርግ ጠጅ ስትጥል ማሩን ከአገር ቤት በሰው አስመጥታ ነው፣ በስኳር ጣይው ማንም አይለይም ብትባል ኖሮ ከቤት ታስወጣችሁ ነበር። አንተ አሁን በስኳር እንጣለው እያልክ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ እህቴ ምሳሌሽ ደስ ይላል ግን ገልብጠሽዋል። የስኳር ጠጅ ማታለል ነው፣ ማር ነው ብለሽ ስኳር ስታጠጪ። እኔ የማስቀምጠው ግን ማሩ ማር ነው፣ የረከሰው ብርሌው ነው። ሰው በብርሌው ከሚያዝን ብርሌውን እንቀይርለት።

የሙሽራ እህት፦ በል እንግዲህ ብርሌውን ቀይረህ ለአክስትህ አስረዳ። 😂

ሊከር ስቶር ነኝ፦ ዲሲ ውስጥ ከካሸር ጀርባ ከቆምኩ 9 አመቴ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልበል። አንደኛ ውዱ የሚወደደው መንግስት ብዙ ስለሚወስድ ነው የሚል ካለ፣ የፌደራል ታክሱ በአልኮሉ መጠን እንጂ በዋጋው አይደለም፣ መደበኛው በፕሩፍ ጋሎን (50 ፐርሰንት አልኮል ያለው አንድ ጋሎን ማለት ነው) 13.50 ዶላር ነው፣ ለአንድ ባለ 40 ፐርሰንት ጠርሙስ ስትመቱት 2 ዶላር ከምናምን። ለብሉም ለርካሹም ያው። የቀረው ጊዜው፣ ስሙ፣ ሳጥኑና የእናንተ ፍላጎት ነው።

ሁለተኛ ፓፒ ቫን ዊንክል የሚባለውን ቦርበን ሰምታችኋል መቼም፣ ሰው እንደ ጠበል ተሰልፎ የሚጠብቀው፣ በእጅ አዙር በሺዎች የሚሸጥ። የሚጠመቀው ፍራንክፈርት ኬንተኪ ቡፋሎ ትሬስ ፋብሪካ ነው፣ እዚያው ቤት ዌለር የሚባል አለ፣ የእህል አሰራሩ አንድ ነው፣ ሁለቱም በአጃ ፋንታ ስንዴ ያለባቸው ናቸው። ልዩነቱ የትኛው በርሜል ተመረጠ፣ የት ተቀመጠ፣ ስንት አመት ተኛ የሚለው ነው። በፊት ዌለር ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይቀመጥ ነበር፣ ማንም አያየውም። ከዛ "የድሃው ፓፒ ነው" ተብሎ ተወራ፣ ወሬው እንደተዛመተ ድሃውም ማግኘት አቆመ። እኔ ራሴ ለቤቴ 12 አመቱን ካየሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የኢቫንን ነገር ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ እባካችሁ!

የቦሌ ልጅ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። እናንተ በ20 ዶላር ህግ ያለው መጠጥ ታገኛላችሁ፣ እኛ ርካሽ ውስኪ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው "ኦርጅናል ነው ወይ" ነው። ቁራሌው የብላክና የብሉ ባዶ ጠርሙስ ከሌላው ለይቶ ሲገዛ ለጌጥ ይመስላችኋል? በየቤቱ ቡፌ ላይ የተደረደረው ባዶ ጠርሙስም የታይታ ነው፣ እሱን አልክድም፣ አባቴ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንድ ባዶ ብላክ አለው አቧራውን ራሱ ነው የሚጠርገው። ግን ዲያስፖራ ሲመጣ ከዱቲ ፍሪ ያመጣው ጠርሙስ የሚከበረው ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ቦርበን ይዛችሁልን ብትመጡ ቅር አይለንም፣ ማን እንደሚያውቀው እንጃ እንጂ። ጃክ ዳንኤልስ ካልሆነ።

ስኮች ብቻ፦ ጃክ ራሱን ቴነሲ ውስኪ ነው የሚለው፣ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል ከሰል ይጣራል። ይሄን ሳልናገር ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

የማልጠጣው፦ 4,400 ዶላርም 1,100 ዶላርም ለአልኮል። ከዛ በሌሊት 495 ሀይዌይ ላይ ሁሉም መኪናውን ይነዳል። ለኡበር መድቡለት ኮሚቴዎች።

የአሌክሳንድሪያው፦ ይሄ እውነት ነው፣ በጀቱ ላይ አስገባዋለሁ።

ላብ ኮት፦ በፈረንጆቹ 2008 የወጣ አንድ ጥናት ነበር፣ ከ6,000 በላይ የወይን ቅምሻ ዋጋው ተደብቆ ተሰራ፣ ስለ ወይን ያልተማረው ሰው ውዱን አልመረጠም፣ እንዲያውም በትንሹም ቢሆን ወደ ርካሹ ነው ያዘነበለው። የሰለጠኑት ግን ወደ ውዱ ያዘነብሉ ነበር። ወይን እንጂ ውስኪ አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ለምን ቤታችሁ አትሞክሩትም?

የአሌክሳንድሪያው፦ ሞከርነው! ቅዳሜ እኛ ቤት ኮሚቴው 7 ሰው ሆኖ ተቀመጠ፣ ባለቤቴ ከኩሽና ቀድታ ስኒዎቹ ላይ ሀ ለ ሐ ብላ ፅፋ አመጣች፣ ብሉ፣ ብላክና ነጩ ኢቫን። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ብሉን 3 ሰው መረጠ፣ ብላክን 2፣ ኢቫንን 2። ኢቫንን ከመረጡት አንዱ እኔ ነኝ ግን ቶሎ ነው የለየሁት፣ 50 ፐርሰንት ስለሆነ አፍንጫ ላይ ይታወቃል፣ ስለዚህ የኔ ድምፅ አይቆጠርም በሉት። አክስቴ ኢቫንን ቀምሳ "ይሄ ያንገበግባል፣ የደብረ ብርሃን አረቄ ነው" አለች፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ስናደርግላት "አሁን ሰው ሆነ" አለች። የመረጠችው ግን ብላኩን ነው። ብሉ መስሏት። ሲነገራት ምን አለች መሰላችሁ፣ "ጥሩ ነው፣ ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ብሉው ይቀመጥ"።

ስኮች ብቻ፦ 3 ለ 2 ለ 2 ብሉ አሸነፈ እኮ።

የአሌክሳንድሪያው፦ በ10 እጥፍ ዋጋ በአንድ ድምፅ!

የሙሽራ እህት፦ አክስትህ ናት ትክክል። ጣዕሙን አልተከራከረችህም፣ ከመጀመሪያውም።

ሊከር ስቶር ነኝ፦ ምክር ልስጥ፣ ለሽማግሌዎቹና ለሁለቱ ወላጆች ጠረጴዛ ብሉ አድርጉ፣ ለሌላው ብላክና ኢቫን ከነበረዶው። ቨርጂኒያ ከሆነ አዳራሹ የራሳችሁን መጠጥ ያስገባ እንደሆነና ባንኬት ላይሰንሱን (ለዝግጅት የሚወጣውን የመጠጥ ፈቃድ) ማን እንደሚያወጣ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ሰው ሁልጊዜ የሰርጉ ሳምንት ነው የሚያስታውሰው። ስቴቱ ራሱ በሚሸጥበት አገር ዋጋ ልከራከር ብላችሁም አትድከሙ፣ በየሱቁ ያው ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ ጋሼ ተባረክ፣ ኮሚቴው ዛሬ ማታ ይሄንኑ ተቀብሏል። 3 ጠረጴዛ ብሉ፣ 19 ጠረጴዛ ብላክና ኢቫን። የተረፈው ብር ለኡበር።

የሚዜው ወንድም፦ ቆይ ቆይ። የሚዜዎቹ ጠረጴዛ ከየትኛው ነው የተመደበው?