አክስቴ ስለ ሐረማያ ሐይቅ ስታወራ እንዴት ልቅዳት?

የሐረማያው ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ያደግኩት ሐረማያ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ሐይቁ ያለበት ከተማ። የሚኒባሱ ረዳት «ሐይቅ ወራጅ አለ?» ይል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ረዳቱ ግን «ሐይቅ ወራጅ» ማለቱን አልተወም። ወራጁ የሚወርደው ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው።

በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ወሬው ነው እየጠፋ ያለው። አክስቴ ሰባ አልፏታል፣ ስፌት ትሰፋለች። ወስፌዋን ከያዘች ስለ ሐይቁ በኦሮምኛ የምታወራው አያልቅም። ልብስ አጥበው፣ ሣር ላይ አስጥተው፣ እስኪደርቅ ሸጎዬ ሲጨፍሩ። ሌሊት ከውሃው ውስጥ ከብት ሲያገሳ ሲሰማ። ስልኬን ሳወጣ ግን ጭጭ! «ምን ልበልህ፣ ውሃ ነበር፣ አለቀ» ትልና ወደ አለላዋ። ምን ላድርግ?

የጀጎል ልጅ፦ ወንድሜ፣ ካሜራውን ፊቷ ላይ አትደግን። እጇን ቅረጽ። «ተረት ንገሪኝ» አትበላት፣ ስለ ዕቃ ጠይቃት። ውሃ በምን ትቀጂ ነበር? በላት፣ ሌላው ራሱ ይመጣል። ሐረር የምትጠጣው ከሐረማያ ነበር። ሲደርቅ ቦቴ ጥበቃ ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን። እናቴ ያን ጊዜ የሰፋችው ስፌት ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ። ስሙ በቤታችን «ጀሪካን» ነው።

ከካናዳ፦ እኔ ባለሁበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሱማስ የሚባል ሐይቅ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ለእርሻ ብለው አደረቁት። የአገሩ ነባር ሕዝብ ግን እስካሁን ያወራዋል። ትንኝ ሲበዛ አያቶቻቸው ውሃው ላይ በእንጨት ቋሚ በተሠራ ቤት ይኖሩ ነበር አሉ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጎርፍ መጣና ውሃው የድሮ ቦታው ላይ ተኛ። ገበሬዎቹ ላሞቻቸውን በጀልባ ሲጎትቱ በቲቪ አየሁ። አክስትህን ቶሎ ቅዳት።

ደለል፦ «አለቀ» ብላ እንዳታልፍህ። አላለቀም፣ ጠጣነው። ጫቱ፣ ድንቹ፣ ውሃ የሚስበው ሞተር፣ የሐረር ቧንቧ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር። ሸጎዬውን ብቻ ቀድተህ ይሄን ብትተው ግማሽ ወሬ ነው።

የሐረማያው ልጅ፦ ዛሬ ሞከርኩት። ስልኩን አለላው አጠገብ አስቀመጥኩና «ውሃ በምን ትቀጂ ነበር?» አልኳት። «በእንስራ» አለች። ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ! እንስራ የተሰበረባት ቀን፣ ማን እንደገፋት፣ ያገባችው ማንን እንደሆነ (የገፋትን ነው)። የደለልን ምክር አስታውሼ ስለ ሞተሩ ጠየቅኳት። ወስፌዋን አስቀመጠችና ሳቀች። «በሰፈራችን የመጀመሪያውን ሞተር ያመጣው እኮ አባትህ ነው» አለችኝ።

አባቴ ቪዲዮውን ላየው እያለ ነው። ይቺን ቦታ ልቁረጣት ወይስ ልተዋት?