ቲታኒየም አሉሚናይድ ቶርኖ ላይ ይወጣል?

ተመራቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ትንሽ ጋዝ ተርባይን እየሠራን ነው። የተርባይኑ ጎማ እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። በኢንኮኔል (ሙቀት በሚችለው የኒኬል ቅይጥ) ስናሰላው ከበደብን። አማካሪያችን «ጋማ ቲታኒየም አሉሚናይድን እዩት» አሉን፤ የቲታኒየምና የአሉሚኒየም ውህድ ነው። ሙቀቱን ይችላል? የዚህን ቁስ ዘንግ ገዝተን ጎማውን ግቢ ባለው ቶርኖ ብናወጣውስ?

የሞተር ጥገና፦
ሙቀቱን ይችላል። እስከ 750 አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ኦክሲጅን ይበላዋል። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 787ዎች የሚበሩበት የጂኢ ጄንኤክስ ሞተር፣ የዝቅተኛ ግፊት ተርባይኑ የመጨረሻ ሁለት ረድፍ ብሌዶች ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ክብደቱ በኩብ ሴንቲ ሜትር 4 ግራም ገደማ ነው፤ የኒኬል ቅይጦቹ 8 አካባቢ ናቸው። ብሌዱ ሲቀል የተተከለበትን ዲስክ የሚስበው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
ልጆች፣ ቶርኖው ላይ ከማሰራችሁ በፊት ረጋ በሉ። ይህ ነገር ሳይሞቅ አይለመጥም። 1 ወይም 2 በመቶ ቢለጠጥ ነው፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ጠርዙ ይሸረፋል። ፍጥነቱን ዝቅ፣ የካርባይድ መቁረጫውን ስል፣ ማቀዝቀዣውን እንደ ልብ አድርጉ። ሲያልቅ በዳይ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሚያሳይ ቀለም) ስንጥቅ ፈልጉ። ቀለል ያለ ቅርጽ ይወጣል። ቀጭን ብሌድ ግን በግቢ ቶርኖ አልመክርም። ብየዳውንም ተዉት፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ብረታ ብረት፦
ምክንያቱን ልጨምር። ተራ ቅይጥ አይደለም። የቲታኒየሙና የአሉሚኒየሙ አቶሞች አንዱ ንብብር በአንዱ ላይ፣ እያንዳንዱ ቦታውን ይዞ ነው የሚደረደሩት። ሲሞቅ እንዳይላላ የሚይዘው ይህ ድርድር ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንዳይታጠፍ የሚከለክለውም እሱው ነው።

ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩን አስተውሉ። 48-2-2 የሚባለው 48 አሉሚኒየም፣ 2 ክሮሚየም፣ 2 ኒዮቢየም በአቶም ብዛት ነው። በክብደት አሉሚኒየሙ 33 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። የሻጩ ሰርተፍኬት በክብደት ከተጻፈ «ጎደለ» ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ተመራቂ፦
እግዜር ይስጥልን። ታዲያ በሰዓቱ ለመመረቅ ምን ይሻለናል?

የሞተር ጥገና፦
ስሌቱን በኢንኮኔልም በአሉሚናይዱም ሥሩና ልዩነቱን አሳዩ። ናሙናውን ግን ከቱርቦ ቻርጀር በወጣ ጎማ ሞክሩ፤ ብዙዎቹ ከቀለጠ ኢንኮኔል 713 በቅርጽ የተቀዱ ናቸው። መጀመሪያ ስንጥቁንም ባላንሱንም አስፈትሹ። ስታስነሱት በወፍራም የብረት ሽፋን ይከለል፣ ማንም ሰው በጎማው ትይዩ እንዳይቆም።