«ደርዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሌሎቹ «እጥረት»ዎች በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ከጅማ፣ የግብርና ተማሪ እህታችሁ ነኝ። የንብ እርባታ ማስታወሻችን ላይ «ደርዝ ፒሪየድ» የሚል ይደጋገማል። መዝገበ ቃላቱ «እጥረት» ይላል፤ ሾርቴጅም ስኬርሲቲም ግን እጥረት ናቸው። ስጽፈው ደግሞ ሞት ከሚለው «ዴዝ» ጋር ይምታታብኛል።

መልስ 1፦ እህቴ፣ ከሥሩ ያዢው። ፊደሎቹ ዲ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር፣ ቲ፣ ኤች ናቸው። ቲና ኤችን ስታነሺ «ዲር» ይቀራል፤ ውድ ማለት ነው። «ዋርም» (ሞቃት) እነዚሁን ሁለት ፊደሎች ጨምሮ «ዋርምዝ» (ሙቀት) እንደሚሆነው፣ ደርዝም በሥሩ «ውድነት» ነው። እህል ሲጠፋ ዋጋው ይሰቀላል፤ ቃሉም በዚያው ወደ እህል እጦት፣ ኋላም ወደ ማንኛውም እጥረት ዞረ። የእኛ «ውድ» ለምንወደው ሰውም ለዋጋም ይሆናል አይደል? «ዲር»ም እንደዚያው ነው። «ዴዝ» ውስጥ ግን አር የለችም፤ ልዩነቱ እሷ ብቻ ናት።

መልስ 2፦ አጠራሩ ላይ «ዲር» እንዳያሳስትሽ። መሬት ከሚለው «ኧርዝ» ጋር ቤት ይመታል፤ ፊቱ ላይ «ድ» ጨምሪ። መጨረሻው በፊደላችን «ዝ» ይጻፍ እንጂ የምላስሽን ጫፍ በጥርሶችሽ መሃል አድርገሽ ትንፋሽ ብቻ አውጪ። ጉሮሮሽ ከነዘረ ተሳስተሻል።

መልስ 3፦ ለገበያ ዕቃ፣ ለስኳርና ለነዳጅ፣ «ሾርቴጅ» በይ። «ስኬርሲቲ» የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቃል ነው። «ደርዝ» የጽሑፍ ቃል ነው፤ ለመረጃ፣ ለማስረጃ፣ ለባለሙያ እጥረት ያምራል። ሁልጊዜ «ኤ ደርዝ ኦፍ» ብለሽ ሦስቱን አንድ ላይ አጥኚ። የንቡ «ደርዝ ፒሪየድ» ንቦች የሚቀስሙት አበባ የሚጠፋበት ወቅት ነው፤ በቀፎው ያለው ማር ካነሰ የስኳር በጥብጥ የሚሰጣቸው ያኔ ነው። ከድርቅ ጋር አታምታቺው፤ ድርቅ «ድራውት» ነው። ዝናብ እየዘነበም አበባ ከሌለ ለንቧ ደርዝ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ሹገር ኢዝ ደርዝ» ቢባልስ?

መልስ 3፦ አይሆንም፤ ደርዝ ስም እንጂ ቅጽል አይደለም። ቅጽል ከፈለግሽ «ሹገር ኢዝ ስኬርስ» በይ። በደርዝ ለመለማመድ ግን ይህን ጻፊ፦ «ዜር ኢዝ ኤ ደርዝ ኦፍ ፍላወርስ»። ነገ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ሳታዪ ድገሚው፤ በየጊዜው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ቀይሪ።