ባሕር ዳር ላይ ግቢ ለምታሠሩ፦ ክረምቱን ሳታዩ ብር አትላኩ

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ያሠራነው ቤት አለቀ፣ እናቴም ገብታበታለች። ግቢው ግን ገና ባዶ አፈር ነው። ባለቤቴ ሙሉ በሙሉ ሳር ይልበስ ይላል፣ እኔ ዛፍ ዛፍ ይለኛል። መኪና መግቢያው ኮብልስቶን እንዲሆን ግን ተስማምተናል። አንድ ሠራተኛ ለገና ስትመጡ አልቆ ይጠብቃችኋል፣ ግማሹን አሁን ላኩልኝ አለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፣ ከውጭ ተመልሼ ባሕር ዳር የምኖር

እህቴ፣ እንኳን ቤቱ አለቀላችሁ። ብሩን ግን ለጊዜው ያዢው።

እኛ ዲያስፖራዎች አገር ቤት የምንመጣው ለገና ወይም ለጥምቀት ነው። ያኔ የምናየው ግቢ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። የግቢው ጠባይ የሚታወቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እዚህ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚወርደው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ማለት ነው። ጣሪያችሁ 150 ካሬ ከሆነና አንድ ቀን ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ከጣለ፣ 6,000 ሊትር ውሃ ከአሸንዳው ወርዶ መሄጃ ይፈልጋል። ወዴት ይሄዳል? ይህ ሳይመለስ የሳርና የዛፍ ክርክሩ ይቆይ።

አሁን ሰኔ ነው፣ ጊዜው ጥሩ ነው። እናትሽ ጋ ስልክ የያዘ ልጅ አይጠፋም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ከበረንዳው ሆኖ ይቅረጽ፣ ሲያባራ ግቢውን ዞሮ ይቅረጽ፣ በማግስቱም ጠዋት ይድገም። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ከላይኛው ጎረቤት በየት በኩል እንደሚገባ፣ አጥሩን በየት እንደሚገፋ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ከየትኛውም የኮምፒውተር ሥዕል ይልቅ ይህን ቪዲዮ አምናለሁ።

ከዚያ አፈሩን አስቆፍሩ። ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ይበቃል። ቀይ አፈር ከሆነ እሰየው። ዋልካ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተነጠፈውን ድንጋይ አብሮ ያነሳዋል። ሰፈራችን ውስጥ ዋልካ ላይ እንዲሁ አሸዋ በትነው ኮብልስቶን ያነጠፉ ሰዎች አሉ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው መኪና መግቢያው ጎብጦ ጎድጉዶ ቀረ፣ ሠራተኛውም ስልክ አያነሳም። ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ፣ ማለትም ለመሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ ገብቶ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት። ከግድግዳው ወደ ውጭ ያለው መሬት በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ፣ ቦዩም ውሃውን ወደ መንገዱ መፍሰሻ ያውጣው። ጎረቤት አጥር ሥር እንዳትለቁት፣ የዕድሜ ልክ ጠብ ነው።

የአፈርና የድንጋይ ሥራ በበጋ፣ ተከላ በክረምት መግቢያ። ስለዚህ ለገና ስትመጡ ቦዩንና ንጣፉን እያያችሁ አሠሩ፣ ችግኙ ለሚቀጥለው ሐምሌ ይቆይ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልጨርስ የሚልን ሰው እኔ አልቀጥርም። ክፍያውም ሥራው እየታየ በየደረጃው ይሁን።

ደግሞ እናትሽን ጠይቂያት። ግቢው ውስጥ የምትውለው እሷ ናት። በርበሬ የምታሰጣበት ፀሐያማ ቦታ ትፈልጋለች፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አጥሩ ሥር ጌሾ። ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ያስፈልጋል። ግቢውን በሙሉ በአበባ መደብ ከፋፍለው፣ ለቅሶ ሲደርስ እንግዳ መንገድ ላይ ያስቀመጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ሳሩን በተመለከተ ባለቤትሽ ቅር አይበለው፣ ትንሽ ይሁን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ከእናትሽ ሮቶ ነው የሚቀዳው። ለጥላ ዋንዛ ትከሉ፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላው ለቡናም ይስማማል፣ ግን ቅጠልና ፍሬው አሸንዳ ስለሚደፍን ከጣሪያው ይራቅ። አቮካዶ ውሃ የተኛበት መሬት አይወድም፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉት። ባሕር ዛፍ ግቢ ውስጥ በጭራሽ።

ከዴንቨር

ጋሼ፣ እኛ የምንሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ማንጎ አስበን ነበር። ትንሽ ኩሬ ነገርስ ከአበባ ጋር?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ ግን 2,400 ታልፋለች። ማንጎ እዚያ ይበርደዋል። ፖም ሞክሩ፣ ብርድ ይወዳል፣ ኮክም ይሆናል። ለአጥር ጥግ ፅድና ወይራ አሉላችሁ።

ኩሬው ይቻላል፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ግን ማንም በስጦታ ቢያመጣላችሁ እንዳትቀበሉ። እንቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ለውበቱ ሲባል በዓለም የተበተነ አረም ነው፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ዓሣ አስጋሪውን ምን እንዳደረገው እናውቃለን። ከግቢ ኩሬ ወደ ወንዝ ለመግባት አንድ ጎርፍ ይበቃዋል። በምትኩ ዳሩን ቄጤማ አልብሱት፣ ለበዓልም ከደጅ ይታጨዳል።

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስታገኚ እዚሁ ለጥፊው፣ ቦዩ በየት ቢወጣ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።