ኃይል ሳይቋረጥ የላላ ብሎን ማጥበቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በምሠራበት ድርጅት ባለ 400 ቮልት ማከፋፈያ ቦርድ ውስጥ፣ ከአንዱ ብሬከር ሥር የገባው ገመድ ሽፋኑ መጥቆር ጀምሯል፤ በሩ ሲከፈትም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ኃላፊዬ ማሽኖቹ እንዳይቆሙ ብሎኑን ኃይል ሳላቋርጥ እንዳጠብቀው ጠይቆኛል። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ካቻቢቴ እና የጎማ ጫማ አለኝ። ይህ ይበቃኛልን?

የመጀመሪያ መልስ፦ አይበቃም፤ እባክዎ ብሎኑን አይንኩት። «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» የሚለው ስም ሰውን ያዘናጋል እንጂ የልብን ምት ለማዛባት ከ30 ሚሊአምፔር ብዙም ያልበለጠ ከረንት ሊበቃ ይችላል። ከዚያም በላይ የተቃጠለ ተርሚናል (ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ) ሲነካ ገመዱ ሾልኮ ጎረቤት ፌዙን (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች ሌላውን) ሊነካ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚፈጠረው አርክ (በአየር ውስጥ የሚዘል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) መዳብን የሚያተን በመሆኑ የጎማ ጫማ ፊትዎንና እጅዎን አያድንም። ደግሞም ማጥበቁ ራሱ መፍትሔ አይደለም። ሙቀት የበላው የገመድ ጫፍ ተቆርጦ እንደገና መላጥ፣ ብሬከሩም መመርመር ስላለበት ኃይሉ መቋረጡ አይቀርም፤ ይህንኑ ለኃላፊዎ ያስረዱ።

ሁለተኛ መልስ፦ ኃይል እያለ ሊሠራ የሚችለው መለካት ነው፤ እሱም ሥልጠና ባለው ሰው፣ አጠገቡ ሌላ ሰው ቆሞ። በክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከውጭ አቅፎ ከረንት በሚለካ መሣሪያ) የሦስቱን ፌዞች ጭነት ያወዳድሩ። ጭነታቸው ተቀራራቢ ሆኖ በሙቀት ካሜራ አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ ግንኙነቱ ላይ ነው። ማልቲሜትር የሚጠቀሙ ከሆነ ገመዶቹ የተሰኩበትን ቀዳዳ አስቀድመው ይዩ። እኔ አንድ ጊዜ ቀዩን ገመድ ከአምፔር ቀዳዳ ሳልነቅል በሁለት ፌዞች መካከል ቮልቴጅ ልለካ ሞክሬ የመለኪያው ጫፍ በብልጭታ ቀልጦ ጠፋ፤ ያዳነኝ በሜትሩ ውስጥ የነበረው ትክክለኛ ፊውዝ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦ ሲያቋርጡም ብሬከር ማውረድ ብቻውን በቂ አይደለም። ማብሪያውን በቁልፍ ይቆልፉ፤ ቁልፉ በራስዎ ኪስ ይሁን። ጄኔሬተር ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) በሌላ በኩል ኃይል እንዳይመልስም ያረጋግጡ። ከዚያ መለኪያዎን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞክሩት፤ ቦርዱን በፌዞች መካከል፣ ከኒውትራልና ከግራውንድ ጋር ይለኩ፤ በመጨረሻም መለኪያውን እዚያው በሚታወቀው ቦታ መልሰው ይሞክሩት። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን መለኪያው በመካከል ተበላሽቶ «ዜሮ» እንዳላለዎት የሚነግርዎ እሱ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ለመለካቱስ ምን ዓይነት ጓንት ላድርግ? ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጠው ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ ብሬከርስ አይጠብቀኝም?

ሁለተኛው መላሽ፦ ሁለት ፌዝ በአንድ ጊዜ ከነኩ ከረንቱ ወደ መሬት ስለማይፈስ ያ ብሬከር ላያቋርጥ ይችላል። ጓንቱ እስከ 1000 ቮልት የሚያገለግለው ክላስ 0 ይሁን። ከማጥለቅዎ በፊት ከአፉ ጠቅልለው አየር ይያዙበትና ወደ ጆሮዎ ያስጠጉት፤ ሲተነፍስ ከሰሙ ይጣሉት።

ጠያቂው፦ ኃላፊዬ ተስማምቶ ከሥራ ሰዓት በኋላ አቋረጥን። ብሎኑ ሩብ ዙር እንኳ አልዞረም፤ ገመዱ ግን በሁለት ጣት ስስበው ወጣ።