የአራት ዓመት ልጅ የሚጻፍ የቤት ሥራ ይሰጠው ወይ?

አባት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦ ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ትናንት አንድ ሙሉ ገጽ "ለ"፣ አንድ ሙሉ ገጽ ደግሞ "ቢ" ጽፈህ ና ተብሎ መጣ። እርሳሱን እንደጨበጠ፣ እያለቀሰ እንቅልፍ ወሰደው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ብጠይቅ "ወላጅ ነው የሚጠይቀን" አሉኝ። እዚህ ያለነው ወላጆች ነን፤ እንነጋገርበት። እኔ ለዚህ ዕድሜ የሚጻፍ የቤት ሥራ ጨርሶ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ይጀመር ያለው እኮ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው፤ ልጄ ለዚያ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረዋል።

እናት (ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ)፦ ከጠያቂዎቹ አንዷ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። የመጀመሪያ ልጄ ሲጫወት የሚውልበት ኬጂ ነበር የገባው። አንደኛ ክፍል ሲደርስ እኩዮቹ ስማቸውን ሲጽፉ እሱ እርሳስ አያያዝ እንኳ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ "ሰነፍ" ሲባል ከረመ። ያንን በሁለተኛዋ አልደግመውም። ደግሞስ አባቶቻችን በአራት በአምስት ዓመታቸው አይደል የኔታ ዘንድ ገብተው 231ዱን ፊደል የለዩት? ማን ተጎዳ?

የሥነ ልቦና መምህር፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ እኩል ውሃ ቅጂ፤ ልጅሽ "እኩል ነው" ትልሻለች። አንዱን ዓይኗ እያየ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገልብጪና እንደገና ጠይቂያት። የአራት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ "ይሄኛው በዛ" ይላል፤ ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጋ ግን መልሱ ይለወጣል። ይህን ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው። ልጅ እየነካካና እየሞከረ ራሱ ነው ዕውቀቱን የሚገነባው ይላል። እርምጃው አይፋጠንም ወይ ብለው ሲጠይቁት "የአሜሪካኖች ጥያቄ" ይለው ነበር። እኔ ከአባትየው ጋር ነኝ።

የኬጂ መምህርት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፒያዤን ይዞ "ጠብቁ" ማለት ብቻ ልጆቹን ያሳንሳቸዋል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ የተደረገ ሙከራ አለ። ሁለት እኩል ረድፍ ጠጠር ደርድሮ አንዱን አዋቂ ሲዘረጋው ልጆቹ "ይሄ በዛ" አሉ። ረባሽ የድብ አሻንጉሊት መጥቶ ረድፉን ያበላሸ ሲመስል ግን እጅግ ብዙ ልጆች በትክክል መለሱ። አዋቂ ሆን ብሎ ነገሩን ቀይሮ ሁለቴ ሲጠይቅ ልጁ "የመጀመሪያው መልሴ ተሳስቶ ነው" ይላል፤ ማን አይልም? እኔም ክፍሌ ውስጥ በባቄላ ሞክሬው ገርሞኛል። ልጆቹ ከምናስበው በላይ ያውቃሉ።

የጽሕፈቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ልጅ ክብ በሦስት ዓመት፣ መስቀል በአራት፣ ሦስት ማዕዘን በአምስት ዓመት ገደማ ነው አይቶ መሣል የሚችለው፤ ጣቱ ያልደረሰበትን አንድ ገጽ ሙሉ እናስጽፈዋለን። ለሚጽፍልኝ ልጅ ኮከብ እለጥፍ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር ሽልማት ድርጊትን ያጸናል ያለው እውነት ነው፤ ያጸናል። ኮከቡ ሲቀር ግን ልጆቼ መጻፉንም ተዉት።

የዘጌ ተወላጅ (ጡረተኛ)፦ ልጄ፣ የኔታን ስላነሳሽ ልናገር። እኔ በአምስት ዓመቴ ነው የገባሁት። ፊደሉን በስንጥር እየጠቆምን በዜማ ነበር የምንለው፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ብዕር ግን አልያዝንም! ዳዊት እየደገመ መጻፍ የማይችል ስንት ሰው ነበር። ንባብና ጽሕፈት ለየብቻ ነበሩ። እኔንም ብዙውን ጊዜ ያስቆጠረኝ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ ነው፤ የኔታ ከሩቅ ይሰማሉ፣ ስሳሳት ያርሙኛል።

የሥነ ልቦና መምህር፦ አባቴ፣ እርስዎ ያሉትን ነው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ የጻፈው። ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ተወልዶ በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ልጅ ብቻውን በሚችለውና የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው በሚችለው መካከል ሰፊ ቦታ አለ፣ ትምህርት የሚገባው እዚያ ነው ይላል። ጣና ዳር የታንኳ ሠሪ ልጅ መጀመሪያ ደንገል ያቀብላል፣ ቀጥሎ ገመድ ይይዛል፣ ቆይቶ ራሱ ያስራል። መምህርት፣ ተቀብያለሁ፤ "ጠብቁ" ያልኩት ጎደሎ ነበር። የቤት ሥራው ግን ልጁን ማታ ከወረቀት ጋር ብቻውን ነው የሚተወው።

አባት (ሽምብጥ)፦ እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። እኔ ደክሞኝ ስልኬ ላይ ነበርኩ።

እናት (ፋሲሎ)፦ የኔታ ዘንድ እንደማይጻፍ አላውቅም ነበር፤ ያንን ትቻለሁ። ማታም ከልጄ ጋር ተረት እያወራን፣ ባቄላ እየቆጠርን ብናመሽ ደስታዬ ነው። ግን አንድ ነገር አልመለሳችሁልኝም። ልጄን ላስገባበት ያሰብኩት ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል ሲቀበል ስምህን ጻፍ፣ እስከ 100 ጻፍ ብሎ ይፈትናል። እናንተ የቤት ሥራውን ብታስቀሩ ያ ፈተና ይቀራል?

የኬጂ መምህርት፦ አይቀርም። እኛ ኬጂ ላይ ገጽ የምናስሞላውም ያንን ፈተና ፈርተን ነው። መጀመሪያ መነሳት ያለበት እሱ ነው፤ እዚህ ያለነው ወላጆች ለዚያ የምንፈርም ከሆነ እኔ ነገ ደብዳቤውን እጽፋለሁ።

እናት (ፋሲሎ)፦ እፈርማለሁ። መልስ እስኪመጣ ግን በቀን አንድ መስመር አስጽፋታለሁ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።